ቀጥ ያለ ውሃ

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ ለከተማው ሕዝብ ውሃ ማዳረስ ነው። ያዳርሳል አላልኩም፤ ሥራው ነው ያልኩት። እኔ እዚያ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሰው ሲናገር እጽፋለሁ፤ ሰው ሲያንቀላፋ ደግሞ "በጥሞና ተከታትሏል" ብዬ እጽፋለሁ። በሐውልቱ ጉዳይ ከተደረጉት ስብሰባዎች አንዱም አላመለጠኝም። የቀረውን የነገረችኝ በሠራተኞች አውቶቡስ አጠገቤ የምትቀመጠው ክሎሪን ነች።

ክሎሪን የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ነች። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን፤ ቀኑን ሙሉ ከመድኃኒቱ ጋር ስለምትውል ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ስብሰባ ይገባል። እሷም አልተቀየመችም። "ተባይ እንዳይቀርበኝ ይረዳኛል" ትላለች፣ ዓይኗን ወደ አስተዳደር ክፍሉ ወርወር አድርጋ። ቤተ ሙከራዋ ምድር ቤት ነው። አንድ የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ፣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል ማቀዝቀዣ፣ "መሣሪያው ለጥገና ተልኳል" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ባዶ ጠረጴዛ አለው። መሣሪያው ከሄደ ዘመን አልፎታል። ወረቀቱ ግን ሲያረጅ በአዲስ ይተካል፤ በጥገና በኩል አንታማም።

ነገሩ የጀመረው ሥራ አስኪያጃችን ውጭ አገር ለሥልጠና ሄደው የተመለሱ ጊዜ ነው። ስለ ሥልጠናው ትንፍሽ አላሉም። ስለ አንድ ሕንፃ ግን አውርተው አይጠግቡም።

"በሩ ላይ ሐውልት አለው" አሉን። "ገና ከሩቅ ስታየው ምን እንደሚሠሩ ትረዳለህ። የእኛ በር ላይስ ምን አለ?"

 በዚያ ሰዓት በራችን ላይ የነበረው ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ አቤት ሊል የመጣ ሰው ነበር።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ፣ አስተባባሪው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ ጸሐፊው እኔ። የሕዝብ ግንኙነቱን ድምቀት እንለዋለን። ቧንቧ ፈንድቶ ሰፈር ሲጥለቀለቅ እንኳ መግለጫውን "በደማቅ ሁኔታ" ብሎ ካልጀመረ እጁ አይታዘዝለትም።

"ቧንቧ ይሁን" አለ ድምቀት በመጀመሪያው ስብሰባ። "ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ።"

ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "አይሆንም። ሕዝቡ ይከፍተዋል።"

"ቢከፍተውስ ክቡር ሥራ አስኪያጅ?"

"ሲከፍተው ምን ይወጣል?"

ቧንቧው ቀረ። ባልዲ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ "ባዶ ነው ተብሎ ይቀለድብናል" ተብሎ ወደቀ። ፏፏቴ ጭራሽ ሳይነሳ ወደቀ። በመጨረሻ ድምቀት ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ሞለኪውል! የውሃ ሞለኪውል እናቁም! ሳይንሳዊ ነው፣ ደማቅ ነው፣ አይከፈትም!"

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱ። ማንም ምንም የማይጠይቀው ሐውልት ተገኘ ማለት ነው። ክሎሪን ከምድር ቤት ተጠራች።

እጇን በጋዋኗ እየጠረገች መጣችና ሰሌዳው ላይ ሳለችው። መሐል ላይ ትልቅ ቀይ ኳስ፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ነጭ ኳሶች። ቀዩ ኦክስጅን፣ ነጮቹ ሃይድሮጅን። ትምህርት ቤት ውስጥ በእነዚህ ቀለሞች ነው የሚሳሉት አለችን። እያንዳንዷን ነጭ ኳስ ከቀዩ ጋር በአንድ መስመር አገናኘቻት።

"ይሄ መስመር ምንድን ነው? ሽቦ ነው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ቦንድ ነው ክቡር። አቶሞቹን አያይዞ የሚያቆማቸው።" ደስ ብሏት ነበር፤ ፎቅ ላይ ኬሚስትሪ ተጠይቃ አታውቅም። "ኦክስጅን በውጪኛው ዙሩ ስድስት ኤሌክትሮን ነው ያለው። ስምንት ካልሞላለት አያርፍም። ሃይድሮጅን ደግሞ ያላት አንዲት ብቻ ነች፣ ሁለት ትፈልጋለች። ስለዚህ ኦክስጅን አንድ ያዋጣል፣ ሃይድሮጅኗም ያቺኑ አንዷን ታዋጣለች፣ ያ ጥንድ የሁለቱም ይሆናል። አንዱ ለሌላው አሳልፎ አይሰጥም፤ በጋራ ይይዙታል። ከሁለተኛዋ ሃይድሮጅን ጋርም እንደዚያው። በቃ፣ ሦስቱም ሞላላቸው።"

"በጋራ ይይዙታል" አሉ ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው በርቶ። "እንደ ኮሚቴ ማለት ነው!"

"ይሄኛውስ ይይዛል" አለች ክሎሪን ቀስ ብላ። ይህችን የመጨረሻ ንግግር ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኳትም።

ስዕሉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እኔም የምነግራችሁ አይኖረኝም ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ስዕሉን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ለመሆኑ ይሄ ነገር ለምንድን ነው የጎበጠው? ክንፉ እንደተሰበረ ዶሮ ወደታች ወርዷል።"

"ቅርፁ እንደዚያ ነው ክቡር" አለች ክሎሪን። "በሁለቱ ቦንዶች መሐል ያለው ማዕዘን መቶ አራት ዲግሪ ተኩል ነው።"

"ከስንት?"

"ከምን… ቀጥ ያለ ቢሆን መቶ ሰማንያ ይሆን ነበር።"

"ታዲያ እኛ ለምን መቶ አራት ላይ እንቀራለን?" አሉ፣ ዕቅዱ ያልደረሰ ቅርንጫፍ እንደሚገመግሙ ሁሉ። "መሥሪያ ቤቱን የሚመጥነው መቶ ሰማንያ ነው። መቶ ሰማንያ ይደረግ።"

"ክቡር፣ ይሄኮ በእኛ ውሳኔ የሚሆን አይደለም። ተፈጥሮ ነው።"

"ተፈጥሮንም ቢሆን እናሻሽላለን!" አለ ድምቀት። ተጨበጨበ። "በሰፊው ከተመከረበት በኋላ ውሃው ቀጥ እንዲል ተወሰነ" ብዬ ጻፍኩ። ሰፊው ምክክር ሻይ እስኪመጣ የነበረው ጊዜ ነው።

ክሎሪን ዝም ብላ አልወጣችም። መጽሐፍ አምጥታ ገጹን ገልጣ አሳየች። ሥራ አስኪያጁ መጽሐፉን አገላብጠው "የታተመው ድሮ ነው" ብለው መለሱላት።

ቤቷ የገባችው ደሟ ፈልቶ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት እሷና አማቷ ናቸው። አማቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸውን ግን አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም።

"ሽንኩርቱ ምን በደለሽ?" አሏት ከወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ሆነው። "እንደ ጠላት ነው'ኮ የምትጨፈጭፊው።"

ነገረቻቸው። አንድ ያልተከተፈ ሽንኩርት አነሳች፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በክብሪት እንጨት ሰካችበት፣ ጎንበስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

"እሺ፣ ለምንድን ነው የጎበጠው?" አሉ አማቷ። ሰው ሲበሳጭ ምክንያቱን እስከ ሥሩ ካላወቁ አይተኙም።

"ይኸውልዎት እማማ፣ ትልቁ ስድስት ኤሌክትሮን ነበረው አይደል? ሁለቱን ለጋራ አዋጣ። አራቱ ለብቻው ቀሩ። እነሱ ጥንድ ጥንድ ሆነው አናቱ ላይ ቁጭ ይላሉ። ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ጋር አይስማማም፣ ይገፋፋል። ስለዚህ ከላይ ያሉት ከታች ያሉትን ይገፏቸዋል፤ ቦንዶቹም ወደታች ይጎብጣሉ።"

"ላይ የተቀመጡት ምን ይሠራሉ?"

"ምንም አያያይዙም።"

"ግን የታቹን ይገፋሉ።"

"ይገፋሉ።"

"ይሄማ መሥሪያ ቤታችሁ ነው" አሉ አማቷ።

ክሎሪን ሳቋ አመለጣት። ንዴቷ ግን አልበረደም። "ቢጎብጥ ምን አለበት፣ ቢቃና ምን አለበት ይላሉ እማማ። ሁሉ ነገር ያለው እኮ መጉበጡ ላይ ነው! ትልቁ የጋራውን ኤሌክትሮን ጠጋ አድርጎ ወደ ራሱ ይስባል…"

"ቆይ፣ በጋራ ነው አላልሽም?"

"በጋራ ነው። ግን እሱ ይበልጥ ይስባል።"

"ምኑን ታዲያ ጋራ ሆነ! እሺ ቀጥዪ።"

"ስለዚህ የእሱ ወገን በትንሹ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ የትንንሾቹ ወገን ፖዘቲቭ። ስለጎበጠም አንዱ ሞለኪውል በትንሿ በኩል የሌላውን ትልቅ ይስባል፣ ያም ሌላውን፣ ተያይዘው ይኖራሉ። ውሃ የሚጠራቀመው፣ የሚፈሰው፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀመጠው በዚህ ነው። ቀጥ ቢል ኖሮ ግራና ቀኙ እኩል ተሳስቦ ይጣፋ ነበር። ያኔ ሞለኪውሎቹ ምን ይዟቸው አብረው ይኖራሉ? እንደ ዛሬ ባለ ሙቀት ጋዝ ሆኖ ይበተን ነበር።"

አማቷ ሽንኩርቱን በጣታቸው ገፋ አድርገው አሰቡ። "ቀጥ ካለ ቧንቧ ውስጥ አይገኝም ነው የምትይኝ?"

"አይገኝም።"

"እንግዲያው ሰውዬሽ አውቀው ነው።"

ይህን በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ስትነግረኝ ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየን። እኔ ያለቀለት ነገር መስሎኝ ነበር። ገና ምኑ ተነካና።

ድምቀት ለጋዜጣ በሰጠው መግለጫ ላይ፣ ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ "መሐል ያለው ኳስ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ ኳሶች ሁለቱ ቅርንጫፎች ናቸው" ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ተገኙ። በሥራ ጉዳይ ሲፈለጉ ስልካቸው የማይነሳ ሰዎች ናቸው።

"እኛ ይህችን ነን?" አለ አንደኛው ስዕሉን እያሳየ። "አተር አስመስላችሁን?"

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ክሎሪን "ሃይድሮጅን ከአቶሞች ሁሉ ትንሿ ነች" አለች። የቅርንጫፍ ኃላፊው "ስድብሽን ቁጠቢ" አላት። ኳሶቹ እንዲያድጉ ተወሰነ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ለክብሩ ሲባል ከሁለቱ ትንሽ በለጥ እንዲል። ትንሽ የሚለው ቃል ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ክርክር ተደርጓል።

ከዚያ ሥራው ወደ ብየዳ ቤት ወረደ፤ ኮሚቴውም ክሎሪንን ይዞ ተከተለ። ብየዳ ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ የአሮጌ መኪና አካል በተከመረበት ግቢ ውስጥ ነው። በያጁ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የመጡትን ትልልቅ ኳሶችና የመጣውን ቀጭን ቧንቧ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ጎበዝ፣ ይሄ አይቆምም" አለ። "እንደ በፊቱ ስዕል ወደታች ቢያዘነብል እግር ይሆንለት ነበር። አሁን አየር ላይ ዘርጋችሁት፣ ጫፉንም አከበዳችሁት። በአንድ ቧንቧ ከተንጠለጠለ በመጀመሪያው ንፋስ ሰው ላይ ይወድቃል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ቧንቧ አድርጉለት።"

"ሁለት ሁለት ይሁን!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ድርብ ትስስር! ድምቀት፣ ጻፈው።"

"አይቻልም!" ክሎሪን ጮኸች። ከበያጁ በስተቀር ሁሉም ደነገጡ። "እያንዳንዱ ቧንቧ እኮ አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ነው። ሁለት ቧንቧ ማለት እሷም ሁለት አዋጣች ማለት ነው። ያላት አንዲት ነች! ሁለተኛዋን ከየት ታመጣለች?"

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "አይዞሽ እህቴ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንመድብላታለን።"

የሐውልቱ አጥንት በየጎኑ በሁለት ሁለት ቧንቧ ተበየደ። በእውነት ለመናገር ያማረ ብየዳ ነበር።

የቀረው ቀለም ነው። ነጭ ቀለም ከመጋዘን ተጠየቀ፤ የለም ተባለ። ያለው ሁሉ የኃላፊዎቹን መኪና ማቆሚያ ለማስመር አልቋል። የተገኘው ለእሳት አደጋ ቧንቧ የተገዛ ቀይ ነው። ቅርንጫፎቹ ቀይ ይቀቡ ተባለ፤ ተቀቡ፤ ቀዩም እነሱ ላይ አለቀ። ለመሐለኛው የማንሆል ክዳን የሚቀባበት ጥቁር ብቻ ተረፈ። ድምቀት ለአፍታ ተጨነቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን በመስኮት ወደ ጥቁሩ የሥራ መኪናቸው አዩና "ጥቁር ክብር አለው" አሉ።

ክሎሪን ሐውልቱ በተቀባበት ቀን ብየዳ ቤት የሄደችው በራሷ ፈቃድ ነው። እኔም የተቀባውን ሐውልት መረከቢያ ላስፈርም አብሬያት ነበርኩ። ከአውቶቡስ ወርደን ግቢውን አልፈን እንደገባን ቀጥ ብላ ቆመች። ሐውልቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቀለሙ እየደረቀ ነበር። መሐሉ ጥቁር፣ ግራና ቀኙ ቀይ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቧንቧ፣ እንደ ማስመሪያ የተቃና።

አፏን ይዛ አንድ የመኪና ጎማ ላይ ቁጭ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብኳት። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎኗን ይዛ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ካርቦን ዳይኦክሳይድ" አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ። "ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሠሩ! እየው፣ ምንም አልጎደለውም! ጥቁሩ ካርቦን ነው። ካርቦን አራት ኤሌክትሮን አለው፣ ሌላ አራት ይፈልጋል። ለግራው ሁለት ያዋጣል፣ ለቀኙ ሁለት። ቀዮቹ ኦክስጅን ናቸው፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያዋጣሉ። ድርብ ቦንድ! ካርቦኑ ያለውን ሁሉ ስላዋጣ አናቱ ላይ ቁጭ ብሎ የሚገፋ የለም፤ ስለዚህ ቀጥ! መቶ ሰማንያ! ካርቦኑ ከኦክስጅን ትንሽ በለጥ ይላል፤ እሱንም አልሳቱትም። ሰው አጥንቶ እንኳ እንደዚህ አይሠራም።"

"ማለትም…"

"ተንፍሰን የምናስወጣው ጋዝ ነው። ውሃ መሥሪያ ቤት በር ላይ ትንፋሽ ሊያቆሙ ነው።"

በያጁ መነጽሩን አንስቶ አያት። "እህቴ፣ ይቆማል ወይስ አይቆምም?"

"ይቆማል" አለችው። "የዓለም ንፋስ ቢመጣ አይነቀንቀውም።"

ያን ቀን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጥታ ልትነግራቸው ሞከረች። መሞከሯን እመሰክራለሁ። "ክቡር፣ ይሄ ነገር አሁን ውሃ አይደለም" አለች። እሳቸው የምረቃ ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነበር። "አውቃለሁ" አሉ፣ "ብረት ነው።" ከዚያ የሚያስቸግሩት ሰው ያጡ ይመስል አንድ ሥራ ሰጧት፤ ከሐውልቱ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ እንድታዘጋጅ። "አጭር ይሁን። ሳይንሳዊ ይሁን። ተራው ሰው ባይገባውም ችግር የለም።"

ክሎሪን ምድር ቤት ወርዳ ብዙ ሳትቆይ ተመለሰች። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

"ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አንድ የካርቦን አቶም ከሁለት የኦክስጅን አቶሞች ጋር በድርብ ቦንድ ሲያያዝ የሚፈጠር ቀጥ ያለ ሞለኪውል። ሰው ሲተነፍስ ከሳንባው ያስወጣዋል፤ እሳትም ሲነድ ይወጣል።"

"ክቡር፣ እባክዎ ያንብቡት" አለች።

"አምንሻለሁ" ብለው ፈረሙ።

"ግድ የለም፣ አንድ ጊዜ ያንብቡት።"

"እህቴ፣ በባለሙያ ሥራ ጣልቃ አልገባም!" አሉ። ድምቀት ግን አነበበው፤ ማለትም ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ስም በጉልህ መቀመጡን አረጋገጠና ወደ ቀራጺው ላከው።

ምረቃው ደማቅ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ የሠራተኞች ቤተሰብ ተጋበዘ። የክሎሪን አማትም ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ረድፍ ለኃላፊ የተያዘ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የሚያስነሳቸው ደፋር አልተገኘም። የክብር እንግዳዋ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ መነጽር ያደረጉ ሴት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ውሃ የሕይወት ምንጭነት የታሸገ ውሃ እየተጎነጩ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ እንግዳዋ ገመዱን ሳቡት። ጨርቁ ወረደ። ተጨበጨበ።

እንግዳዋ የማንበብ ልማድ ያላቸው ሰው መሆናቸውን ማንም አላጣራም ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ማይኩን እንደያዙ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ገና "ካርቦን ዳይኦክሳይድ" ሲሉ ጭብጨባው እንደተቆረጠ ክር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ድምቀትን አዩ። ድምቀት እኔን አየ። እኔ ማስታወሻዬን አየሁ።

"ጎሽ!" አሉ አማቷ ከፊት ረድፍ፣ ለራሳቸው የተናገሩ መስሏቸው። "እውነት የጻፈ ሰው ተገኘ።"

እንግዳዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሐውልቱ ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ክሎሪን አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ክንዴን ስትይዝ ጥፍሯ ይሰማኛል። ከሥራ ብትባረር ለባሏ በስልክ ምን እንደምትለው እያሰበች እንደነበር ኋላ ነገረችኝ።

"እኔ ዛሬ እዚህ ስመጣ" አሉ እንግዳዋ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ "ሌላ ቧንቧ፣ ሌላ ባልዲ ልመርቅ ነበር የመሰለኝ። ስለ አየር ብክለት ያልጮህንበት መድረክ የለም፤ የሰማን አልነበረም። አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ራሱን ረስቶ፣ አየራችንን እያነቀ ያለውን ጋዝ በሩ ላይ አቁሞ 'ተጠንቀቁ' ሲለን… ይህ አርቆ አሳቢነት ነው!"

ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ማይኩን ተቀበሉ። "ክብርት ሆይ፣ ከጅምሩም ዓላማችን ይኸው ነበር" አሉ።

ድምቀት በሁለት እጁ አጨበጨበ፤ እግርም ቢያጨበጭብ ኖሮ አይሰስትም ነበር።

የሆነው ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ብዙም ሳይቆዩ በአየር ጥበቃ ዘርፍ ወደ ላይ ተሾሙ። ስለ አየር የሚያውቁት መተንፈሱን ብቻ ነው፤ ግን ስለ ውሃም የሚያውቁት መጠጣቱን ነበር፣ ይህም ከማደግ አላገዳቸውም። ሲሄዱ ለክሎሪን በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀት ላኩላት። አንዱ ላበረከተችው ሳይንሳዊ ድጋፍ ምስጋና ነው። ሌላው የጽሑፉን ይዘት ለበላይ ኃላፊ በቃል በሚገባ ባለማስረዳቷ የተሰጠ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። አማቷ ሁለቱንም በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቀሏቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ከላይ።

ክሎሪን ለጥቂት ሳምንት ሐውልቱን ላለማየት በኋላ በር ትገባ ነበር። "ባላየው ይሻለኛል" ትል ነበር። አንድ ጠዋት ግን አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ተማሪዎቿን አስከትላ በር ላይ ደረሰች። ትምህርት ቤታቸው ሞዴል የለውም፤ እዚህ ግን ቤት የሚያህል፣ ቀለሙም ቦንዱም ማዕዘኑም ልክ የሆነ እንዳለ ሰምታለች። የሚያስረዳ ሰው ይኖር ይሆን ብላ ጠየቀች። ጥበቃው ወደ ምድር ቤት ጠቆማት።

ክሎሪን መጀመሪያ አንገራገረች። ቆይታ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጣች። ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ የሚመጣ ትምህርት ቤት አላጣችም። የብረቱን ቧንቧ በመዳፏ እየመታች "ይሄ አንድ ጥንድ፣ ይሄ ሌላ ጥንድ" ስትል ድምፁ እስከ ስብሰባ አዳራሹ ይሰማል፤ እኔም ብዕሬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ቀን በቀን ሐውልቱን ወደደችው። ወፍ ሲያበላሸው ራሷ በጨርቅ ትጠርገዋለች።

በቀደም ከተማሪዎቹ አንዷ እጇን አውጥታ "ውሃስ? ውሃ ምን ይመስላል?" አለቻት።

ክሎሪን ዙሪያዋን አየች። ሰሌዳ የለም። ጋዋኗን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገች፣ እግሯን ገጠመች፣ ሁለት ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ ቀስ ብላ ወደታች አወረደቻቸው። "ጭንቅላቴ ኦክስጅን ነው" አለች፣ "ቡጢዎቼ ሃይድሮጅን። በሉ፣ እናንተም ሁኑ።" ልጆቹ እየተሳሳቁ ክንዳቸውን አወረዱ። "አሁን ደግሞ ቡጢያችሁን ጎናችሁ ያለው ልጅ ጭንቅላት ላይ አሳርፉ። ሳትመቱት! እንደዚያ ነው ውሃ እርስ በርሱ የሚያያዘው።" ግቢው በአንድ ጊዜ ጎባጣ፣ የተያያዘ፣ የሚንጫጫ ሕዝብ ሆነ። አንዱ ሲወዛወዝ ሁሉም ይወዛወዛል። መምህርቷ ራሷ መሐላቸው ገብታለች።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በመስኮት እያዩ ነበር። እኔን ጠርተው "ምን እየሆኑ ነው እነዚህ?" አሉኝ።

"ውሃ እየሆኑ ነው ክቡር" አልኳቸው።

 ከዚያ መስኮቱን ዘግተው ወደ ስብሰባው ተመለሱ። እኔ ግን በደረጃው ወረድኩና ከዳር ቆምኩ፤ አንዲት ቁመቷ አጠር ያለች ልጅ ቡጢዋን የምታሳርፍበት ጭንቅላት ፈልጋ ዙሪያዋን ታይ ነበር፣ ጎንበስ አልኩላት።